የእትዬ አስካለ ሣር፣ የእኔ ጥድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

እትዬ አስካለ ዛሬ ቆሙ! ልጃቸው ትዕግስት ከጅማ ደውላ ነገረችኝ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ብረት ከገባላቸው ወዲህ ዛሬ ገና፣ ያቺን አራት እግር ያላትን መደገፊያ ይዘው፣ ከአልጋው እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ። "አለቀሱ?" ብላት "ምን ታለቅሳለች፤ የደገፈቻትን ነርስ 'ጀርባሽን አቅኚ' ብላ ተቆጣቻት እንጂ" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አስተምረው እንዴት ይተዉት! ስቄ ሳልጨርስ ቀጥሎ ያለውን ሰማሁና ሳቄ ጠፋ።

ትዕግስት መንታ አላት፣ ገና የሚድሁ። ባሏ ውሎ የሚያድረው መስክ ሥራ ላይ ነው። ቤቷ አንድ መኝታ ቤት። እናቷን ብዙ ማቆየት እንደማትችል እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ስለዚህ ታላቅ ወንድሟ ሳምሶን ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ይመጣል። የቦንጋውን ቤት አይቶ ሊያከራየው፣ እናቱንም ወደ ራሱ ሊወስዳቸው። እሱ ያለው ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለውም።

"እሳቸውስ ምን አሉ?" አልኳት።

"'ሣሬ ታጨደ ወይ?' ነው ያለችው።"

አልታጨደም። ከወደቁ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ዶሮዎቻቸውን ከመመገብ በቀር ምንም አልሠራሁም። ስልኩን ዘግቼ ሄጄ አየሁት። ሣሩ ጉልበቴን ይነካል። የአቮካዶው ቅጠል ረግፎ በዝናቡ ተለጣጥፏል። ጎመኑ አብቧል። ጽጌረዳው እንደ ጠጉር ተንጨባሯል። ሳምሶን ይኼን ካየ "በቃ ባዶ ቤት ነው" ማለቱ አይቀርም።

እንግዲህ እስከ ቅዳሜ ግቢው ሰው ያለበት መምሰል አለበት። እኔ የወሰንኩት ይኼንን ነው። ለተሾመ ብነግረው "ልጅየው የሚመጣው ለእናቱ ነው ለሣር?" አለኝ። ባል አንዳንዴ ዝም ቢል ምን አለበት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

የሚሠራው ይኼ ነው፦
ሣር ማጨድ።
ቅጠል መጥረግ።
ጽጌረዳ መቁረጥ።
ያበበውን ጎመን መንቀል።
የእንሰቱን የደረቀ ቅጠል መግፈፍ።
ጥዱ።

ጥዱን ጽፌ ሰረዝኩት። ከዚያ መልሼ ጻፍኩት። እሱን ሌላ ቀን።

ክረምት ሲወጣ እኔ፣ ዘነበች፣ አለሚቱና እትዬ አስካለ ዳዶ አለን። በየተራ የአንዳችንን ግቢ አራታችንም ወጥተን እንሠራለን። ባለተራዋ ምሳ ታበላለች፣ ቆማም "እዚህ ጋ ቀረ" እያለች ታሠራለች። የፊታችን ሐሙስ ተራው የእኔ ነበር። ለእትዬ አስካለ ይሁንልኝ ብዬ ሁለቱንም ለመንኳቸው።

አለሚቱ ወዲያው እሺ አለች። እሷ ዝምተኛ ናት፣ ብቻዋን ነው ተከራይታ የምትኖረው፤ ልጅ የላትም፣ እትዬ አስካለ ናቸው ማንበብና መጻፍ ያስተማሯት። ዘነበች ግን ታውቋት የለ፣ ነጋዴ ናትና አፏም እንደ ገበያዋ ነው። "ባለቤቱ በሌለበት ዳዶ ይገባል እንዴ? ማን ሊቆጣን ነው? ተቆጪ የሌለበት ሥራ ሥራ አይደለም" ትለኛለች። ከዚያ ራሷ ዘዴውን አመጣች። በስልክ ይቆጡናላ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ገብርኤል ነው፣ ሥራ የለም። ዝናቡም አልተወንም። ጥቅምት ተጋምሶ እንዲህ ይዘንባል? ማጭዱን ብቻ ለተሾመ ሰጠሁትና ሳለልኝ።

ዛሬ ማንም ስለሌለ ልጻፈው።

በእኛና በእትዬ አስካለ ጓሮ መሀል ያለው አጥር የፈረንጅ ጥድ ነው። የተተከለው በእኛ በኩል ነው፤ የሚቆርጠውም ሁሌ የእኛ ቤት ነው። በፊት እስከ ደረት ነበር። እኔ ከኩሽናዬ መስኮት፣ እሳቸው ከጓሯቸው፣ ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደሩ"፣ "እንዴት አደርሽ" እንባባላለን። እሱ ደስ ይለኛል። ግን እሱ ብቻ አይደለም። "ብዙነሽ፣ ጨው አበዛሽ እንዴ፣ ሽታው ልክ አይደለም!" "ብዙነሽ፣ ልብሱን ገልብጠሽ አስጪው፣ ፀሐይ ይበላዋል!" "ብዙነሽ፣ ባልሽን ለምን እንዲያ ትናገሪዋለሽ!" ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሁልጊዜ ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ይመስለኛል። ደከመኝ። ጥዱን ዓምናም ዘንድሮም ሳልቆርጠው ቀረሁ። በሐምሌ "ብዙነሽ፣ ጥዱ ከራሳችን በላይ ሄደ እኮ" ሲሉኝ "ዝናቡ ይውጣ እትዬ" አልኳቸው። ዋሸሁ። እንዲያድግ ነበር የፈለግኩት።

የወደቁት ጠዋት ነው። ከኋላ በር ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው ድንጋይ ላይ። እኔ ኩሽና ነበርኩ፣ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ሬዲዮ ከፍቼ ጎመን እከትፋለሁ። ወተት የምታመጣዋ ሴትዮ እስክትመጣ እዚያው ተኝተው ቆዩ። በኋላ ወደ ጅማ ሊወስዷቸው መኪና ላይ ሲያወጧቸው "ተጣርቼ ነበር" አሉኝ። ይኸው ነው ያሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሱትም።

ለሰው ሁሉ "ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምንም አልሰማሁም" ነው ያልኩት። የዚያን ቀን ጠዋት አልዘነበም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ወገቤ! ግን ግቢው እንዴት አማረ!

ዘነበች ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ የአቮካዶው ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠለችው። እትዬ አስካለ ከጅማ፣ ከአልጋቸው ላይ ሆነው፣ እንዲህ ሲያሠሩን ዋሉ።

"ሣሩን አራት ጣት አስቀሩለት! ፀሐይ እየመጣ ነው፤ ከላጫችሁት ቢጫ ይሆናል።"

"ቅጠሉን እንዳታቃጥሉት። ከእንሰቱና ከቡናው ሥር አልብሱት፣ በጋውን እርጥበት ይይዝለታል።"

"ጎመኑን ንቀሉ፣ ሁለቱን ብቻ ለዘር ተዉልኝ።"

"ጽጌረዳዬን ማነው የሚቆርጠው? ዘነበች ከሆነች መቀሱን ተቀበሏት!"

ዘነበች ደንግጣ ቆመች። "እትዬ፣ ከጅማ ያዩኛል እንዴ?"

"ድምፁን ሰማሁት። መቀሱ ደንዟል። በደነዘዘ መቀስ ተቆርጦ ከሚቆስል ሳይቆረጥ ይክረም!"

አለሚቱ እንኳን ሳቀች፣ እሷ የምትስቀው ለበዓል ነው። እኔ ሣሩን አጨድኩ። ምሳ ቆጮ በጎመንና በአይብ አበላኋቸው። ከምሳ በኋላ ካርድ አለቀ፣ ዘነበች ሄዳ ሞልታ መጣች። መጨረሻ ላይ እትዬ አስካለ ድምፃቸው ደከም ብሎ "ብዙነሽ፣ የጓሮውስ?" አሉ።

"ደህና ነው እትዬ።"

ዘነበች አየችኝ። "ጥዱስ?" አለችኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ። "መሸ" አልኳት። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

የታጨደውን ሣር ግን አልጣልነውም። ቅዳሜ ለሳምሶን እንጎዘጉዘዋለን ተባባልን። ከስንት ዓመት በኋላ ወደ እናቱ ቤት ሲገባ ባዶ መሬት ይርገጥ?

አርብ፣ ጥቅምት 21

ማርያም ናት። ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። እሳቸውን በስማቸው ጠርቼ ለመንኩላቸው፣ ለራሴ ግን ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ።

ከሰዓት ሳምሶን ከጅማ ደወለ። "እትዬ ብዙነሽ፣ ነገ ረፋድ ላይ እደርሳለሁ፣ ምንም እንዳትቸገሪ" አለ። ድምፁ ልክ የአባቱ። ተከራይ እንኳ ተገኝቷል አለኝ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው። ተገኝቷል!

ማታ ዶፍ ወረደ። ሣሩ ከበረንዳው ሥር ስለሆነ አይበሰብስም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

የዛሬውን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት ሦስታችን ሣሩን ከዋናው በር እስከ በረንዳ፣ ከዚያ በጎን ዞረን እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ ጎዘጎዝነው። ጓሮውን "እሱንስ እንኳ ተዉት" ያለችው አለሚቱ ናት። እኔ ነኝ "ጭቃ ነው፣ ጫማው ይበላሽበታል" ያልኩት።

አራት ሰዓት ላይ መጣ። ወፍሯል፣ ጠጉሩ ሸሽቷል፣ ፈገግታው ግን ያው የትንሽነቱ ነው። በር ላይ ቆሞ ግቢውን አየ፣ አየ። "ይኼ ሁሉ... ማነው የሠራው?" አለ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው፣ ሣሩን፣ ጽጌረዳውን፣ እንሰቱን። ዘነበች በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ያሸነፍን መስሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ሽንት ቤት ሄደ። እኛ በረንዳ ላይ ነን። "እእ!" የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ጧ።

እርጥቡ ድንጋይ፣ አረንጓዴ ነገር የያዘው፣ በላዩ ላይ የእኛ ሣር። እንዴት አይንሸራተት! እኛ ባዶ እግራችንን ወይም በፕላስቲክ ጫማ ነን፣ ሁሌ በጣታችን ጨብጠን ነው የምንረግጠው፤ እሱ በዚያ በሚያብረቀርቅ የከተማ ጫማ። ሮጬ ስደርስ በጀርባው ተኝቷል። "ውይ የኔ ጌታ!" እያለች ዘነበች ደረቷን ትመታለች። ምንም አልሆነም፣ ሱሪው ብቻ ነው አረንጓዴ የሆነው። እጄን ዘረጋሁለት። አልያዘውም።

"እትዬ ብዙነሽ፣ እማዬ የወደቀችው እዚህ ነው?"

"እዚህ ነው።"

እንደተኛ ራሱን ወዲህ ወዲያ አዞረ። "ከዚህ ሆኜ ሰማይና ጥድ ብቻ ነው የሚታየኝ" አለ።

የተሾመን ሱሪ አምጥቼለት ለበሰ፣ አጠረው፣ ማንም አልሳቀም። ቡና ሳይጠጣ ተነሳ። "ግቢው በጣም ያምራል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እናቴን እዚህ አልመልሳትም" አለ። ለሁላችንም ነው ያለው፣ እኔን ግን ነው የሚያየኝ። ወይም መስሎኝ ነው።

አለሚቱ ሣሩን ከድንጋዩ ላይ እየሰበሰበች አወጣችው።

እሁድ፣ ጥቅምት 23

ሌሊቱን አልተኛሁም። ከቅዳሴ እንደወጣሁ ሳምሶን ወዳረፈበት ሆቴል ሄድኩ። ቁርስ እየበላ ነው። "እትዬ ብዙነሽ፣ ነይ ቁርስ" አለኝ። ቆሜ ተናገርኩት፣ ብቀመጥ የምተወው መሰለኝ። ጥዱን ለምን እንዳልቆረጥኩት። ሬዲዮውን። ዝናቡ እንዳልዘነበ።

እንቁላሉን ገፋ አደረገው። "ለምን ትነግሪኛለሽ?" አለኝ።

"ቤቱ ጥፋት የለበትም፣ የእኔ ነው። ስለ እኔ ብለህ ቤታቸውን እንዳታስለቅቃቸው።"

ይቆጣኛል ስል ስልኩን አነሳና እናቱ ጋ ደወለ። ድምፁን ከፍ አደረገው። "እማዬ፣ እትዬ ብዙነሽ እዚህ ናት" ብሎ የነገርኩትን በሙሉ ነገራቸው። እኔ መሬቱን አየሁ።

እትዬ አስካለ "ሬዲዮው እንደተከፈተ እኮ እሰማ ነበር። ዜና ነበር" አሉ።

"ይቅር ይበሉኝ እትዬ።"

"ጥዱን የተውሽው እኔን ሸሽተሽ እንደሆነም ያኔውኑ ገብቶኛል። ስለገባኝ ነው ሁለተኛ ያልጠየቅኩሽ። ሰው በገዛ ግቢው ብቻውን መሆን ቢያምረው ምን ይፈረድበታል ብዬ።"

ሳምሶን ጠየቃቸው፦ "አሁንስ እማዬ? እኔ ጋ መምጣቱ ይሻልሻል ወይስ ምን ይሁን?"

"አንተ ጋማ ጠዋት ትወጣለህ፣ ሚስትህ ትወጣለች፣ በሩ ይዘጋል። እኔ አሁን መታየት ነው የምፈልገው ልጄ።"

ሳምሶን ስልኩን ዘግቶ ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ እንደ ስብሰባ ሰው በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። ድንጋዩ ይጠረግ፣ ጠጠር ይልበስ። መደገፊያ እንጨት ከኋላው በር እስከ ሽንት ቤት። አብሯት የሚያድር ሰው። ጥዱ። እሱ ሁሉ ከሆነ እስከ ገና ይሞከራል። "ከዚያ በኋላ ምንም ቃል አልገባም" አለ። ተከራዩንም እስከዚያ ጠብቅ ሊለው ነው እንጂ ጨርሶ አይሆንም አይለውም።

እስከ ገና! እየሮጥኩ ወደ ቤት። ያውም በነጠላ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ተሾመ መጋዝ ይዞ ጥዱ ሥር ቆመና "ብዙነሽ፣ አስቢበት" አለኝ። "ላይ ላዩን ስትከረክሚው ያቆጠቁጣል። አረንጓዴው ካለቀበት በታች ከቆረጥሽው ግን እንጨት ሆኖ ይቀራል። ዳግመኛ ቅጠል አያወጣም።"

ይኼን አላውቅም ነበር። እስከ ደረት ቢሆን ምን ይላል ብዬ አሰብኩ፣ እንደ ድሮው። ትንሽ አረንጓዴም ይቀርልኛል። አልዋሽም፣ ልለውም አፌን ከፍቼ ነበር።

ሳምሶን ግን ማዶ ሄዶ፣ ያጠረውን የተሾመን ሱሪ እንደለበሰ፣ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። "የቆመ ሰው ማየት ምን ያደርጋል፣ የወደቀ ነው መታየት ያለበት። ቁረጡ፣ እኔ በቃ እላችኋለሁ" አለ።

ቆረጥን። ከላይ ጀምሮ። "ታየህ?" "ገና!" እስከ ደረት። "አሁንስ?" "ገና!" እስከ ወገብ። ተሾመ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ዘነበች ቅርንጫፍ እየጎተተች "ይኼ ሰውዬ ምን ያህል አጭር ነው!" ትላለች። ከወገብ በታች። አረንጓዴው አለቀ። ቡናማ፣ እሾህ የመሰለ እንጨት። "ገና... ገና... ቆይ! የእትዬ ብዙነሽ መስኮት ታየኝ! በቃ!"

ጉልበት ላይ ደረሰ።

መጋዙ ዝም ሲል ሁላችንም ቆመን አየነው። አስቀያሚ ነው፣ ምን ይደረግ። ኩሽናዬ ገብቼ በመስኮቱ ሳይ ሳምሶን ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ እጁን አወዛወዘልኝ። መላ ቁመቱ ታየኝ፣ ጫማው ሳይቀር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

አለሚቱ ትናንት ማታ መጥታ "አብሬያቸው የማድረው እኔ ብሆንስ?" አለችኝ። ስታስብበት ነው የሰነበተችው። የእትዬ አስካለን ጓዳ ትይዛለች፣ እሷም ከኪራይ ትገላገላለች። እትዬ አስካለ በስልክ "እጅ ጽሑፏን እስካሁን ካላስተካከለች ግን አልቀበላትም" አሏት። ከደስታ ብዛት አለቀሰች፣ ስትስቅም ስታለቅስም ይኸው በአንድ ሳምንት አየኋት።

ድንጋዩን በመቆፈሪያና በሽቦ ብሩሽ ፍቀን ጨረስነው። ጠጠሩ ነገ ይመጣል። ተሾመ የባሕር ዛፍ መደገፊያውን ልጦ እያለሰለሰ ነው፣ "እጃቸው ላይ ስንጥር እንዳይገባ" እያለ ሦስቴ ላገው። ሳምሶን ዛሬ ወደ ጅማ ሄደ። እጁ ውኃ ቋጥሯል።

ዛሬ ጎመን ስከትፍ መላ ጎረቤቱ የሚያየኝ መሰለኝ። መጋረጃ ልስቀል ብዬ ጨርቁን አወጣሁት። ለካሁት። አጥፌ መልሼ አስቀመጥኩት።

እሁድ፣ ጥቅምት 30

ትናንት ገቡ። ከስተዋል፣ ፊታቸው ግን ወዝ አለው። ከመኪናው እስከ በረንዳው በዚያች ባለ አራት እግር፣ ማንም እንዲይዛቸው አልፈቀዱም። ጓሮውን ለማየት ሲደርሱ መደገፊያውን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ የጥዱን ጉቶ አዩ፣ ከዚያ እኔን። "በጣም ቆረጥሽው" አሉኝ። "አዎ እትዬ።" "አያቆጠቁጥም እኮ።" "አውቃለሁ።" እጄን ያዙኝ፣ ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

ዛሬ ጠያቂው ሲጎርፍ ዋለ። የንስሐ አባታቸው መጡ፣ ጸሎት አድርሰው "የእግር ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል" አሏቸው። "ትዕግስትማ ጅማ ቀረች አባ፣ መንታ ታሳድጋለች" አሏቸው፣ አባም ሳቁ። ወተት የምታመጣዋ ሴትዮ መጣች፣ ያገኘቻቸው እሷ ስለሆነች ልዩ ወንበር ተሰጣት። ድሮ ያስተማሯቸው ሁለት ሰዎች ከዋጫ ከተማ ድረስ መጡ፣ አንደኛው ሽበት አውጥቷል፣ ፊታቸው ሲቀመጥ ግን እግሩን ገጥሞ ነው። ዘነበች ጥዱን እያሳየች ለመጣ ሁሉ "ሣር ልናጭድ ገብተን ጫካ ጨርሰን ወጣን" ትላለች።

ሰዉ ቀለል ሲል እትዬ አስካለ ወንበራቸውን ሣሩ ዳር አስወጡ። እሁድ ነው ብላቸውም አልሰሙኝም፣ ዘነበች ፕሮቴስታንት ናት፣ ከቤተ ክርስቲያኗ ከተመለሰች ለእሷ ችግር የለውም አሉ። ነጭ ሽንኩርት አስመጡ፣ ፈልፍለው ትልልቁን መረጡ፣ መደቡን በከዘራቸው እያመለከቱ "አንድ ስንዝር አራርቂው፣ ጫፉ ወደ ላይ" እያሉ ሦስት መስመር አስተከሏት።

ሳምሶን ነገ ይሄዳል። በረንዳው ላይ ቆሞ ያያቸዋል። "እማዬ፣ ነጭ ሽንኩርት መቼ ነው የሚደርሰው?" አላቸው።

"መጋቢት።"

ቀና ብለውም አላዩትም። እሱ ወደ እኔ ዞረ። "እስከ ገና ነበር ያልነው" አለኝ ዝግ ባለ ድምፅ።

"እሱማ ነው" አልኩት።

እጅጌውን ሰበሰበና ወርዶ ለዘነበች ውኃ ሊቀዳላት ሄደ።